ድጎማው ለቆጣሪው ወይስ ለቤተሰቡ?

ለደሃው የታሰበው ርካሽ መብራት ከግቢው በር አልፎ መግባት አልቻለም

በአዲስ አበባ የቀበሌ ቤቶች በብዛት በሚገኙባቸው ሰፈሮች የመብራት ሂሳብ በመጣ ቁጥር የማይቀር አንድ ጭቅጭቅ አለ። ሂሳቡ የሚመጣው በአንድ ሰው ስም፣ በአንድ ቆጣሪ ነው። በግቢው ውስጥ ግን አራትም አምስትም ቤተሰብ ይኖራል። ክፍፍሉ ሲጀመር አንዱ ከአንዲት አምፖል በቀር ሌላ እንደሌለው ይምላል። ሌላዋ በወሩ ውስጥ ምጣድ የጣደችው ሁለቴ ብቻ መሆኑን ታስረዳለች። ፍሪጅ ያለው ሰው ዝም ይላል። በመጨረሻ ሂሳቡ በአምፖል ወይም በሰው ቁጥር ይካፈልና ሁሉም እንደተበደለ ተሰምቶት ወደ ቤቱ ይገባል።

ጭቅጭቁ የሰለቸው ባለቆጣሪ ደግሞ ሕግ ያወጣል። ምጣድ ክልክል፣ ምድጃ ክልክል፣ ካውያ ክልክል። ቤት ሲከራይ ከኪራዩ ዋጋ ቀጥሎ የሚነገረው ይኸው ክልከላ ነው። ተከራይዋም የመብራት ሽቦው ከጣሪያዋ በላይ እያለፈ እሷ ከሰል ለመግዛት ወደ ጉልት ትወርዳለች።

ነገሩ ተራ የጎረቤት ጠብ ቢመስልም ከበስተጀርባው አንድ ትልቅ የፖሊሲ ጥያቄ አለ። መንግሥት አነስተኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ የኃይል ወጪውን እንዲችል ለረጅም ዓመታት ሲደጉም ኖሯል። ድጎማው የሚተላለፈው ግን በቆጣሪ በኩል ነው። ቆጣሪ ደግሞ የሚቆጥረው ኪሎ ዋት ሰዓት እንጂ ሰው አይደለም። በአንድ ቆጣሪ ሥር ያለው አንድ ሀብታም ይሁን አምስት ደሃ ለይቶ አያውቅም። በዚህም ምክንያት ርካሹን መብራት ይበልጥ የሚፈልገው ቤተሰብ ወይ በጎረቤቱ ቆጣሪ ምክንያት ውድ እርከን ውስጥ ይገባል፣ ወይም ጭራሹን ከመብራት ውጭ ሆኖ በከሰልና በላምባ ይበላል።

27 ሳንቲም ለ18 ዓመት

የመብራት ታሪፍ ታሪክ የድጎማውን መልክ በግልጽ ያሳያል። በ1998 ዓ.ም. የወጣው ታሪፍ ለመኖሪያ ቤት ተጠቃሚዎች ሰባት እርከኖች ነበሩት። በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ለሚጠቀም ሰው የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ 0.273 ብር፣ ማለትም 27 ሳንቲም ገደማ ነበር። የመጨረሻው እርከን፣ ከ500 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ለሚጠቀመው፣ 0.6943 ብር ነበር። ይህ ታሪፍ ሳይነካ ለአሥራ ሁለት ዓመት ቆየ።

በእነዚያ አሥራ ሁለት ዓመታት የጤፉ፣ የዘይቱ፣ የቤት ኪራዩ፣ የታክሲው ዋጋ ስንት ጊዜ እንደተለዋወጠ ለማንም የተሰወረ አይደለም። መብራት ብቻ ባለበት ቆሞ ነበር። በመሆኑም ድጎማው ከትንሽ እስከ ትልቅ ለሁሉም የሚዳረስ ሆነ። በሥነ ኢኮኖሚ ትምህርት የታወቀ አንድ ሐቅ አለ፤ ዋጋው ለሁሉም ዝቅ ተደርጎ የተያዘ ነገር ይበልጥ የሚጠቅመው ብዙ የሚጠቀመውን ነው። ስድስት ክፍል ቤት፣ የውኃ ማሞቂያ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽንና ትልቅ ፍሪጅ ያለው ሰው ከድጎማው የሚደርሰው ድርሻ ሁለት አምፖል ከሚያበራው ጎረቤቱ በብዙ እጥፍ የበለጠ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የታሪፍ ማሻሻያ ይህን ለማስተካከል የታሰበ ነበር። ጭማሪው በአራት ዓመት ተከፋፍሎ እስከ 2014 ዓ.ም. ደረጃ በደረጃ ተፈጸመ። በመጨረሻው ዓመት ከ51 እስከ 100 ያለው እርከን 0.767 ብር፣ ከ101 እስከ 200 ያለው 1.625 ብር፣ ከ500 በላይ ያለው ደግሞ 2.481 ብር ደረሰ። እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ያለው የመጀመሪያ እርከን ግን አልተነካም። 27 ሳንቲም እንደሆነ ቀጠለ።

እዚህ ላይ የመንግሥት ሐሳብ ግልጽ ነው። ብዙ የሚጠቀመው ይክፈል፤ ጥቂት የሚጠቀመው ይደጎም። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ በብዙ አገሮችም የሚሠራበት ነው። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የተጀመረውና በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት እንዲዘልቅ የተወሰነው አዲስ ታሪፍ የመጀመሪያውን እርከን ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ ቢነካውም በእርከን መለየቱንና ለዝቅተኛ ተጠቃሚ የተሻለ ድጎማ መስጠቱን አልተወም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ መብራትን ታክስ ውስጥ ሲያስገባም በወር እስከ 200 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም መኖሪያ ቤት ከታክሱ ነፃ ሆኗል። ጥያቄው እነዚህ ሁሉ መስመሮች የተሰመሩት በማን ላይ ነው የሚለው ነው።

50 ኪሎ ዋት ሰዓት ስንት እንጀራ ይጋግራል?

የመጀመሪያውን እርከን ምንነት ለመረዳት ከቢሮ ወደ ማድ ቤት መግባት ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከቤት ዕቃዎች ሁሉ ኃይል በላተኛ ነው። በአብዛኛው ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይስባል። አንድ ቤተሰብ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ቢጋግር በወር ስምንት ጊዜ ይሆናል። ሲሰላ 42 ኪሎ ዋት ሰዓት ይመጣል። ከሃምሳው የቀረው ስምንት ብቻ ነው።

በዚህ ስምንት ምን ይሠራል? ባለ አሥር ዋት ሁለት አምፖሎች በቀን አምስት ሰዓት ቢበሩ በወር ሦስት ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳሉ። ስልሳ ዋት የሚስብ ቴሌቪዥን በቀን አራት ሰዓት ቢከፈት ሰባት ይወስዳል። ድምሩ 52 ደረሰ። ቤተሰቡ ገና ወጥ አልሠራም፤ ቡና አላፈላም፤ የልጆች ዩኒፎርም አልተኮሰም። የመጀመሪያው እርከን ግን አልቋል።

ወጡ በኤሌክትሪክ ምድጃ ይሠራ ቢባል 1.5 ኪሎ ዋት የሚስብ ምድጃ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ቢበራ በወር ከ67 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይጨመራል። ቤተሰቡ ወደ 120 ተጠግቶ ሦስተኛው እርከን ውስጥ ገባ ማለት ነው። ይህ ቤተሰብ ደግሞ ውኃ ማሞቂያም ፍሪጅም የለውም። የሚበላውን አበሰለ እንጂ አልተንደላቀቀም።

ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ቀላል ነው። በመጀመሪያው እርከን ላይ የሚቀር ቤተሰብ ወይ እንጀራ ብቻ ይጋግራል፣ ወይም መብራት ብቻ ያበራል። ሁለቱንም አድርጎ ወጥ የሚሠራው በሌላ ነገር ነው። ያ ሌላ ነገር ደግሞ ከድጎማው ውጭ ነው።

አራት ቤት፣ አንድ ቆጣሪ

አሁን ወደ ግቢው ጭቅጭቅ እንመለስ። በአንድ ግቢ አራት ቤተሰብ ይኖራል፤ እያንዳንዱ በወር 45 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠቀማል ተብሎ ይታሰብ። እያንዳንዱ የየራሱ ቆጣሪ ቢኖረው አራቱም የመጀመሪያው እርከን ውስጥ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. በነበረው ዋጋ እያንዳንዱ የሚከፍለው 12 ብር ከ29 ሳንቲም ነው። አራቱ ተደምረው 49 ብር ከ14 ሳንቲም ይሆናል። የአገልግሎት ክፍያው በዚህ ስሌት ውስጥ አልገባም።

አራቱ በአንድ ቆጣሪ ሲሆኑ ግን ቆጣሪው የሚያሳየው 180 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ሂሳቡ ለደንበኛው በሚያደላ መንገድ በእርከን በእርከኑ እየተከፋፈለ ቢሰላ እንኳ የመጀመሪያው 50 በ27 ሳንቲሙ ዋጋ 13 ብር ከ65፣ ሁለተኛው 50 ደግሞ 38 ብር ከ35፣ የቀረው 80 በ1.625 ብር 130 ብር ይሆናል። ድምሩ 182 ብር ነው። ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 45 ብር ከ50 ሳንቲም ይደርሳል። አንድ ዓይነት አምፖል፣ አንድ ዓይነት ምጣድ፣ አንድ ዓይነት ገቢ፤ ሂሳቡ ግን ወደ አራት እጥፍ የተጠጋ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ግድግዳው ላይ ያለው ቆጣሪ አንድ መሆኑ ነው።

አምስተኛ ቤተሰብ ቢጨመር ነገሩ ይብሳል። አምስት ጊዜ 45 ሲባዛ 225 ይሆናል። ይህ ደግሞ ከ200 ኪሎ ዋት ሰዓቱ የታክስ መስመር በላይ ነው። አንዱም ቤተሰብ የታክሱ መስመር ሩብ እንኳ ሳይደርስ አምስቱ ባንድነት ታክስ ከፋይ ይሆናሉ። ሕግ አውጪው ታክሱን ሲደነግግ በዓይነ ሕሊናው ያየው ባለ ብዙ ክፍል ቪላ እንጂ የቀበሌ ቤት ግቢ እንዳልነበረ መገመት አያስቸግርም። ቆጣሪው ግን ሁለቱን አይለይም።

ምጣድ የከለከለው ባለቆጣሪም በዚህ ዓይን ሲታይ ክፉ ሰው አይደለም። እርከን በዘለለ ቁጥር የሚመጣውን ጭማሪ ማን እንዳመጣው ማስላት ስለማይችል ችግሩን ከምንጩ ያደርቀዋል። ታሪፉ የፈጠረውን ጣጣ እሱ በክልከላ ይፈታዋል። የክልከላው ዕዳ የሚወድቀው ግን በተከራይዋ ላይ ነው።

ላምባና ከሰል

ምጣድና ምድጃ የተከለከለችው ተከራይ ሁለት አማራጭ አላት። አንዱ ላምባ ነው። በከተማ ላምባ ለረጅም ጊዜ የደሃው ምድጃ ነዳጅ ሆኖ ኖሯል። ጭሱ ከማገዶ ያነሰ፣ ቶሎ የሚያያዝ፣ በጠርሙስ የሚገዛ በመሆኑ የቀን ገቢ ላለው ሰው ይመች ነበር። መንግሥትም የነዳጅ ዋጋ ማረጋጊያ ፈንድን በ1993 ዓ.ም. በአዋጅ ካቋቋመ በኋላ የዓለም ገበያ ሲንር ጭማሪው ሙሉ በሙሉ ወደ ሸማቹ እንዳይተላለፍ ሲያደርግ ቆይቷል።

በ2014 ዓ.ም. ክረምት ይህ አሠራር ተለወጠ። የነዳጅ ድጎማ ቀስ በቀስ እንዲነሳ ተወሰነ። በዚያን ጊዜ 35 ብር ከ43 ሳንቲም የነበረው አንድ ሊትር ላምባ ወደ 49 ብር ከ02 ሳንቲም ወጣ። በመስከረም 2017 ዓ.ም. መጨረሻ 90 ብር ከ28 ሳንቲም፣ በዚያው ዓመት ጥር ወር ዋዜማ ደግሞ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ደረሰ። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ወደ ሦስት እጥፍ ተጠጋ ማለት ነው። ይህ የማደያ ዋጋ ነው። በሰፈር ሱቅ በጠርሙስ የምትገዛው እናት የችርቻሮውን ትርፍ ጨምራ ትከፍላለች።

መንግሥት ድጎማውን ሲያነሳ ለሁሉም እኩል አላነሳም። የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች በሰሌዳቸው ተመዝግበው፣ ክፍያቸውን በቴሌብር እየፈጸሙ የታለመ ድጎማ እንዲያገኙ ተደርጓል። ምክንያቱም የታክሲና የአውቶቡስ ታሪፍ እንዳይንር ነው፤ ተገቢ ምክንያት ነው። በላምባ የምታበስል እናት ግን ሰሌዳ የላትም። ለእሷ የሚሆን ተመሳሳይ መዝገብ አልተዘጋጀም።

ላምባን ብቻ ለይቶ ማርከስም የራሱ ችግር እንዳለው መዘንጋት አይገባም። ላምባ ከናፍጣ በጣም ከረከሰ ነጋዴው ከናፍጣ ጋር ቀላቅሎ ይሸጠዋል። ድጎማው የእናትየዋን ማሰሮ ሳይሆን የመኪና ሞተር ያሞቃል። የሁለቱ ዋጋ እኩል እንዲሆን የተደረገውም ይህንን በር ለመዝጋት የሚያስችል በመሆኑ ነው። በሌላ አነጋገር ችግሩ ላምባ መወደዱ ብቻ ሳይሆን፣ ላምባ ሲወደድ ወደ መብራት መሻገር የሚገባው ሰው መሻገሪያ ማጣቱ ነው።

ሁለተኛው አማራጭ ከሰል ነው። ከሰል የመንግሥት ዋጋ የለውም፤ የድጎማ መዝገብም የለውም። አቅም ያለው በማዳበሪያ ይገዛል፤ አቅም የሌለው በፌስታል። በፌስታል የሚገዛው በኪሎ ሲሰላ ምንጊዜም የበለጠ ይከፍላል። ክረምት ሲገባ ከሰሉ ይረጥባል፣ መንገድ ይበላሻል፣ ዋጋው ይወጣል። የደን ጉዳቱና በጠባብ ክፍል ውስጥ የሚያደርሰው የጤና ጉዳት ሳይቆጠር ማለት ነው።

በዚህ በኩል መንግሥት የሠራውን ሥራ መካድ አይቻልም። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተሠራጩት «ላቀች» የከሰል ምድጃና «ምርጥ» የእንጀራ ምድጃ የብዙ ቤተሰብን ወጪ ቀንሰዋል። ላቀች ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ጋር ሲነጻጸር የከሰሉን ሩብ ያህል፣ ምርጥ ደግሞ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቆጥባሉ። እነዚህ ምድጃዎች አንድ ጥሩ ጎን አላቸው። እርዳታው የሚደርሰው ለቆጣሪ ሳይሆን ለምታበስለው እናት እጅ ነው።

ደሃው የሚከፍለው ዋጋ

የሁለቱን ምድጃ ወጪ ማነጻጸር ጉዳቱን በብር ያሳያል። አንድ ሊትር ላምባ ወደ አሥር ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት አለው። ከዚህ ውስጥ ወደ ድስቱ የሚገባው ግን አርባ በመቶ ገደማ ነው፤ ሌላው በአየር ይበተናል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ከሚስበው ኃይል ወደ ሰባ በመቶው ለድስቱ ይደርሳል። ስለዚህ አንድ ሊትር ላምባ የሚሠራውን ሥራ ስድስት ኪሎ ዋት ሰዓት መብራት ይሠራዋል።

ስድስት ኪሎ ዋት ሰዓት በ2014 ዓ.ም. ታሪፍ እጅግ ውድ በሆነው የመጨረሻ እርከን ቢሰላ 15 ብር አይሞላም። ይህ ሦስት እጥፍ ቢጨምር እንኳ 45 ብር ነው። የላምባው ሊትር ደግሞ በጥር 2017 ዓ.ም. 99 ብር ሊሞላ ሁለት ሳንቲም ብቻ ቀርቶት ነበር። ቪላ ቤት ያለው ሰው ያለ ምንም ድጎማ በመጨረሻው እርከን ቢያበስል በጠርሙስ ላምባ ከምትገዛው የቀን ሠራተኛ ባነሰ ዋጋ ያበስላል።

ሌላም ነገር አለ። በ2014 ዓ.ም. ዋጋ የመጀመሪያው እርከን ከሦስተኛው እርከን ጋር ሲነጻጸር ለአንድ ቤተሰብ በወር የሚያተርፍለት ቢበዛ 67 ብር ከ60 ሳንቲም ነው። ይህ በ2017 ዓ.ም. የአንድ ሊትር ላምባ ዋጋ እንኳ አይሆንም። ትልቁ ጥቅም ያለው 27 ሳንቲሙ ላይ ሳይሆን የራስ ቆጣሪ ኖሮ በመብራት ማብሰል መቻል ላይ ነው። ክርክሩ ግን ሁልጊዜ በሳንቲሙ ዙሪያ ይካሄዳል።

ከከተማ ሲወጣ ደግሞ ሥዕሉ ይሰፋል። የዓለም ባንክ በ2010 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት ከኢትዮጵያ ቤተሰቦች ከዋናው የመብራት መስመር የሚያገኙት 33 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሌላ 24 በመቶ ያህሉ በአብዛኛው በፀሐይ ኃይል በሚሠሩ መሣሪያዎች ይጠቀሙ ነበር። በታሪፍ በኩል የሚተላለፍ ድጎማ እጅግ ጥሩ ሆኖ ቢቀረጽ እንኳ በዚያን ጊዜ ከሦስት ቤተሰብ ሁለቱን አያገኛቸውም ነበር። በ2011 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም ይህን ክፍተት ለመዝጋት ቢያቅድም ሥራው የዓመታት ነው።

የመንግሥት ወገን ክርክር

ታሪፉን ለማሳደግ የቀረበው ምክንያት ውኃ የሚያነሳ ነው። መብራት ለአሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ዋጋ ሲሸጥ ትራንስፎርመርና ሽቦ ግን በውጭ ምንዛሪ ይገዛ ነበር። ገቢው ወጪውን የማይሸፍን ድርጅት ወይ ይበደራል፣ ወይም ጥገናውን ይተዋል። ጥገናው ሲቀር መብራት ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ ቡኮው የኮመጠጠባት እናት ለርካሹ ታሪፍ አታመሰግንም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ የመለዋወጫው ዋጋ በብር ሲሰላ ይበልጥ ናረ።

ስለዚህ ዋጋው ጨርሶ አይጨምር የሚለው ክርክር ብዙ አያራምድም። የሚያራምደው፣ ዋጋው ሲጨምር የሚጠበቀው ሰው ማን ነው፣ በምንስ ይታወቃል የሚለው ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ኃይሉ እያለ በክልከላ ምክንያት ከሰል የሚያነድ ተከራይ ካለ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት በእሷ ላይ ደረሰ ማለት ነው።

የሌላው ዓለም ልምድ

ድጎማ በቆጣሪ ሲተላለፍ ደሃውን መሳቱ የኢትዮጵያ ብቻ ችግር አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 የጋዝ ዋጋ ሲሰቀል የብሪታንያ መንግሥት ለእያንዳንዱ ቤተሰብ 400 ፓውንድ በስድስት ወር ተከፋፍሎ ከመብራት ሂሳቡ እንዲቀነስ አደረገ። በወር ሂሳብ ለሚከፍለው ቀላል ሆነ፤ ምንም ሳያደርግ ተቀነሰለት። በቅድሚያ ክፍያ ቆጣሪ የሚጠቀሙት፣ በአብዛኛው አነስተኛ ገቢ ያላቸው፣ ለብዙዎቹ ኩፖን ተላከላቸው፤ ብዙ ኩፖን ሳይመነዘር ቀረ። በራሳቸው ስም ውል ለሌላቸው፣ በጀልባ ቤትና በአረጋውያን መጦሪያ ለሚኖሩት ሌላ ማመልከቻ ተከፈተ። መንግሥት ወደ 900 ሺህ ቤተሰብ ይጠብቅ ነበር፤ ያመለከተው ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ሆነ። መዝገብ በደንብ በተደራጀበት አገር እንኳ ከሰው ቆጣሪ በስተጀርባ ያለው ሰው ሳይታይ ቀረ።

ሕንድ በሌላ መንገድ ሄደች። በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የጀመረችው «ኡጅዋላ» የተባለ ፕሮግራም የቡታጋዝ መስመር የሚያስገባው በቤቱ ሳይሆን በደሃ ቤተሰብ እናት ስም ነው። በሦስት ዓመት ከጥቂት ወራት ውስጥ ስምንት ኮሮጆ ሳይሆን ስምንት ሚሊዮን አሥር እጥፍ፣ ማለትም 80 ሚሊዮን ቤተሰብ ደረሰ። ችግሩ የመጣው ሲሊንደሩን መልሶ በማስሞላት ላይ ነበር። ስለዚህ በ2022 ለእያንዳንዱ ሙሌት 200 ሩፒ፣ በ2023 ደግሞ 300 ሩፒ ድጎማ ለእነዚሁ ቤተሰቦች ብቻ እንዲሰጥ ተወሰነ። ኢትዮጵያ ቡታጋዝን ከውጭ ስለምታስገባ ዘዴውን እንዳለ መቅዳት አይቻልም። ትምህርቱ ግን ይወሰዳል። በመጀመሪያ ቤተሰቡን ለይ፤ ከዚያ ድጎማውን በስሙ ላክ።

ምን ይደረግ?

ለመሆኑ በኢትዮጵያ ቤተሰቡን መለየት ይቻላልን? መነሻ የሚሆን ልምድ አለ። በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች 604 ሺህ ሰዎችን ለመርዳት ያቀደ ነበር። ተጠቃሚዎቹ በየወረዳው ተለይተው ገንዘቡ በባንክ ሂሳባቸው ገብቶላቸዋል። የነዳጅ ድጎማው ደግሞ በተሽከርካሪ ሰሌዳና በቴሌብር መሥራት እንደሚችል አሳይቷል። ለተሽከርካሪ የተቻለው ለቤተሰብ የማይቻልበት ምክንያት ግልጽ አይደለም።

ቅርቡ መፍትሔ በጋራ ቆጣሪው ላይ ነው። በአንድ ቆጣሪ ሥር አራት ቤተሰብ መኖሩ በወረዳው ከተመሰከረ የመጀመሪያው እርከን 50 መሆኑ ቀርቶ አራት ጊዜ 50 ሊሆን ይችላል። የታክሱ መስመርም እንዲሁ። ይህ ለገቢው ብዙ አይጎዳም፤ ከላይ በተሰጠው ምሳሌ በአራት ቤተሰብ መካከል ያለው ልዩነት በወር 133 ብር አይሞላም። ለግቢው ግን ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ሌላ ነው። ምጣድ የሚከለከልበት ምክንያት ይነሳል።

እርግጥ ነው፣ ማታለል ይኖራል። ቪላው አራት አባወራ አስመዝግቦ ሊመጣ ይችላል። ስለሆነም ዘላቂው መፍትሔ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ቆጣሪ መስጠት ነው። ደሃው ቆጣሪ ያላስገባው ስላልፈለገ አይደለም፤ የማስገቢያው ወጪ በአንድ ጊዜ ስለሚጠየቅና ቤቱ የራሱ ስላልሆነ ነው። ክፍያው በረጅም ጊዜ ተከፋፍሎ በየወሩ ሂሳብ ላይ ቢጨመር፣ ተከራይም በወረዳ ማስረጃ በስሙ ውል መግባት ቢችል፣ ለአንድ ጊዜ የወጣው ገንዘብ ለዓመታት ከሚሰጠው የሳንቲም ድጎማ የበለጠ ሥራ ይሠራል።

እስከዚያው ድረስ ለአነስተኛ ተጠቃሚ የተሰጠው ርካሽ ታሪፍ የግል ቆጣሪ ላለው መብራት ነው፤ ለሌለው «ላም አለኝ በሰማይ» ነው። በሚቀጥለው ወርም ሂሳቡ በአንድ ስም ይመጣል። ግቢው ይሰበሰባል፤ አምፖል ይቆጠራል፤ ፍሪጅ ያለው ዝም ይላል። ተከራይዋም ፌስታሏን ይዛ ወደ ጉልት ትወርዳለች።